የዴክ ጥገና ኮንትራክተር እንዴት ይቀጠራል? ከመጀመሪያው ስልክ እስከ መጨረሻው ክፍያ

ዴክ (ከቤቱ ጋር ተያይዞ ከውጭ የሚሠራ የጣውላ መድረክ) አሠርተው የሚቆጩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት አንድ ዓይነት ስህተት ነው። ምኑ እንደተበላሸ ሳያውቁ ኮንትራክተር ይጠራሉ። በቃል ይስማማሉ። ግማሹን ገንዘብ በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ መላኪያ) ይልካሉ፣ ከዚያ ስልክ የሚያነሣ ይጠፋል። ወይም ደግሞ ሥራው ያልቅና ላዩ አምሮ ይታያል፣ ከሥር ያለው የበሰበሰ እንጨት ግን ባለበት ነው። እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። የጠፋ ገንዘብ ይተካል። ዴክ ሲወድቅ ግን ላዩ ላይ የቆመውን ሰው ይዞ ነው የሚወድቀው፣ ያውም ግብዣ ላይ፣ ሰው በበዛበት ሰዓት።

ይሄ መመሪያ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት ላላችሁ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ ቅደም ተከተሉን ተጠቀሙበት፣ የላይሰንሱንና የቀብዱን ሕግ ግን የራሳችሁን ስቴት አጣሩ።

1. ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት ከሥር ገብታችሁ እዩ

የሚያስፈልጋችሁ ባትሪ፣ ካቻቢቴ፣ ሜትርና ስልካችሁ ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ዴኩ ስትረግጡት የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ወይም ከቤቱ ግድግዳ ለቆ ክፍተት ከታየ፣ ከሥሩ አትግቡ። ላዩም አትውጡ። በሩን ቆልፉ፣ ልጆች እንዳይወጡ አድርጉ፣ ቀጥታ ወደ ደረጃ 4 ሂዱ።

እንደዚያ ካልሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ።

*ሌጀሩን።* ሌጀር ማለት ዴኩን ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚያያይዘው ረጅሙ እንጨት ነው። ዴክ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በምን እንደተያያዘ እዩ። ወፍራም የብሎን ራሶች ከላይና ከታች እየተፈራረቁ መታየት አለባቸው። የሚታየው ምስማር ብቻ ከሆነ፣ እንጨቱ አዲስ ቢመስልም ችግር አለ፤ ምስማር ከጊዜ በኋላ ተስቦ ይወጣል። ቀጥሎ ከሌጀሩ በላይ ውኃ ወደ ግድግዳው እንዳይገባ የሚያደርግ ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ መኖሩን እዩ። ፍላሺንግ ይሉታል። እሱ ከሌለ የዝናቡ ውኃ ከሌጀሩ ጀርባ እየገባ ሌጀሩን ብቻ ሳይሆን የቤቱን ግድግዳም ያበሰብሳል። ቤዝመንት ካላችሁ በውስጥ በኩል እዚያው ግድግዳ ላይ እርጥበት ወይም ሻጋታ እንዳለ ተመልከቱ።

*እንጨቱን በካቻቢቴ ውጉት።* የቋሚዎቹን እግር፣ የጆይስቶቹን ጫፍ (ጆይስት ጣውላውን ከሥር የሚሸከመው አግዳሚ ነው)፣ የደረጃውን ታችኛ ክፍል ውጉ። ጤነኛ እንጨት ይከለክላችኋል። የበሰበሰው ካቻቢቴውን ዝም ብሎ ያስገባዋል። ቀለም የተቀባ እንጨት ስለሚያታልል በዓይን ብቻ አትፍረዱ።

*ብረቶቹን።* ጆይስቱን ከሌጀሩ ጋር የሚይዙት የብረት ኮርቻዎች፣ ሃንገር የሚባሉት፣ ዝገት በልቷቸዋል? የምስማር ቀዳዳዎቻቸውስ ሞልተዋል? ግማሹ ባዶ ከሆነ ድሮም በደንብ አልተሠራም ማለት ነው።

*ቋሚዎቹን።* ቀጥ ብለው ቆመዋል? ኮንክሪት ላይ ነው የቆሙት ወይስ አፈር ውስጥ የገቡ ናቸው?

*ሬሊንጉን (የዳር መከላከያውን)።* በሰውነታችሁ ገፋ አድርጉት። መንቀሳቀስ የለበትም። ዴኩ ከመሬት ከ30 ኢንች በላይ ከፍ ካለ ሬሊንግ ግዴታ ነው። ቁመቱ ቢያንስ 36 ኢንች መሆን አለበት፣ በዘንጎቹ መካከል ደግሞ 4 ኢንች ስፋት ያለው ኳስ ማለፍ የለበትም። ይሄ የተደነገገው የሕፃን ጭንቅላት እንዳያልፍ ነው።

*የላዩን ጣውላ በመጨረሻ።* ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፣ ለመጠገን ግን ቀላሉ እሱ ነው።

ሁሉንም ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ አንሡ።

አንድ ሌላ ነገር። ዴኩ እ.ኤ.አ. ከ2004 በፊት የተሠራ ከሆነ እንጨቱ አርሰኒክ ባለበት መድኃኒት የተነከረ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው እንጨት ለመኖሪያ ቤት እንዳይመረት የተደረገው በ2003 መጨረሻ ነው። በሳንደር (በእንጨት መፈግፈጊያ ማሽን) አትፈግፍጉት፣ ፍርስራሹን በፍጹም አታቃጥሉ። ኮንትራክተሩም አሮጌውን እንጨት ወስዶ በሥርዓት እንደሚጥል ውሉ ላይ ይጻፍ።

2. ጥገና ነው ወይስ አፍርሶ መሥራት? ወስኑና ጻፉት

ሌጀሩ፣ ቋሚዎቹና ጆይስቶቹ ደህና ከሆኑ፣ የላይ ጣውላና ሬሊንግ መቀየር ይበቃችኋል። አንድ ሁለት ጆይስት ብቻ ከተበላሸ እነሱን አጠናክሮ መቀጠል ይቻላል። ሌጀሩ ከበሰበሰ ወይም በምስማር ብቻ የተያዘ ከሆነ ግን ጣውላ ለመቀየር ዋጋ አትጠይቁ። ከመሠረቱ ነው መጀመር ያለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። “በትሬክስ ቀይረው፣ ዕድሜ ልክህን አትነካውም” ይባላል። እውነት ነው፣ እንደ ትሬክስ ያለው ኮምፖዚት ጣውላ (ከእንጨትና ከፕላስቲክ የተቀላቀለ) አይበሰብስም ማለት ይቻላል። የሚሸከመው ፍሬም ግን ያው እንጨት ነው። ኮምፖዚት ደግሞ ይለምጣል፣ ስለዚህ በጆይስቶቹ መካከል ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ከመሐል እስከ መሐል ከ16 ኢንች መብለጥ የለበትም፣ ጣውላው በሰያፍ ከተነጠፈ ደግሞ 12 ኢንች ነው። በሜትር ለኩ። ጥቂት ዓመት ብቻ በቀረው ፍሬም ላይ ውድ ጣውላ አትንጠፉ።

አሁን አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የምትፈልጉትን ሥራ በዝርዝር ጻፉ። ስፋቱ፣ ምን እንደሚነሣ፣ ምን እንደሚቀየር፣ በምን ዓይነት እንጨት፣ ቆሻሻውን ማን እንደሚወስድ። ይሄንኑ ወረቀት ለሁሉም ኮንትራክተር ስጡ። ካልሆነ አንዱ ስለ ጣውላ፣ ሌላው ስለ ሙሉ ፍሬም ዋጋ ይነግራችሁና ማወዳደር አትችሉም።

3. ኤች ኦ ኤ እና ፐርሚት

ታውንሃውስ ካላችሁ፣ ወይም ኤች ኦ ኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ያለበት ሰፈር ከሆናችሁ፣ መጀመሪያ ማመልከቻ አስገቡ። የጣውላውና የሬሊንጉ ቀለም ሳይቀር ሊወስኑ ይችላሉ። ሳያጸድቁ የተሠራን ዴክ አስፈርሰው እንደገና ሊያሠሩ ይችላሉ፣ ያ ወጪ ደግሞ የእናንተ ነው። መልሳቸው ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል በጊዜ ጀምሩ።

ፐርሚቱ፣ ማለትም የግንባታ ፈቃዱ፣ የካውንቲው ጉዳይ ነው። አዲስ ዴክ ወይም የፍሬም ሥራ ፐርሚት ይፈልጋል ብላችሁ ተነሡ። ጥቂት ጣውላ መቀየር ብቻ ከሆነ ላያስፈልግ ይችላል። በግምት አትሂዱ፣ ደውሉ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያላችሁ 311 ደውላችሁ ጠይቁ። የፌርፋክስ ካውንቲ ደግሞ ዴክ እንዴት መሠራት እንዳለበት በሥዕል የሚያሳይ ሰነድ በነፃ አውጥቷል። ባትሠሩም አውርዱትና ኮንትራክተሩ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። የሚመልስላችሁ መልስ ይለወጣል።

4. ኮንትራክተር መፈለግና ማጣራት

ቢያንስ ሦስት ሰው አስመጡ። ከጎረቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ፣ ከዕድር ሰው ጠይቁ። ግን “ጥሩ ሰው ነው” አይበቃም። የሠራውን ዴክ ሄዳችሁ እዩ፣ ከተቻለ ሁለት ክረምት ያለፈበትን።

ቀጥሎ ላይሰንሱን አጣሩ። ሜሪላንድ ውስጥ የቤት ጥገና የሚሠራ ኮንትራክተር የሜሪላንድ ሆም ኢምፕሩቭመንት ኮሚሽን ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል፣ በአጭሩ ኤም ኤች አይ ሲ። ቨርጂኒያ ውስጥ ላይሰንሱን የሚሰጠው ዲ ፒ ኦ አር የሚባለው የስቴቱ የሙያ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ ክፍሎች አሉት፣ ክፍሉ መሥራት የሚችለውን የሥራ መጠን ይወስናል። ሁለቱም ድረ ገጻቸው ላይ በስም ወይም በቁጥር መፈለጊያ አላቸው። እንዲህ አድርጉ፦

ቁጥሩን ከሰውየው ተቀበሉ። ራሳችሁ ፈልጉት፣ የላከላችሁን ፎቶ አትመኑ። የሚወጣው ስም ውሉ ላይ ካለው ስምና ቼኩ ከሚጻፍበት ስም ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ጊዜው አለማለፉን እዩ። የሌላ ሰው ቁጥር መኪናቸው ላይ ለጥፈው የሚዞሩ አሉ።

“ኤል ኤል ሲ አለኝ” ላይሰንስ አይደለም። ድርጅት ማስመዝገብና ሰው ቤት ላይ ለመሥራት ፈቃድ መያዝ የተለያዩ ናቸው።

ይሄ ለምን ይሄን ያህል ያስጨንቀናል? ሜሪላንድ ውስጥ ላይሰንስ ያለው ኮንትራክተር ሥራ ቢያበላሽባችሁ ወይም ትቶ ቢጠፋ፣ ኮሚሽኑ ያለው የዋስትና ገንዘብ ላይ እስከ 30,000 ዶላር መጠየቅ ትችላላችሁ። ላይሰንስ የሌለውን ቀጥራችሁ ከሆነ ይሄ በር ዝግ ነው።

አሁን ስለ “የኛ ልጅ”። በጣም ጎበዝ፣ ቃላቸውን የሚያከብሩ ሐበሻ ኮንትራክተሮች አሉ፣ በራስ ቋንቋ መነጋገሩም ትልቅ ጥቅም ነው። ቅጠሯቸው። ግን ወረቀት መጠየቅን እንደ ስድብ አትቁጠሩት። “እንዴት ላይሰንስህን አሳየኝ እለዋለሁ፣ ወንድሜ አይደለም እንዴ” እያሉ በይሉኝታ ስንት ሰው ከገንዘቡም ከወንድሙም ተጣልቷል። ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ሳትጠይቁት ያሳያችኋል።

ኢንሹራንሱንም አትርሱ። ላያቢሊቲ (በሰውና በንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት) እና የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስ ሁለቱም መኖራቸውን ጠይቁ። ማስረጃው ከኢንሹራንስ ወኪሉ ቀጥታ ወደ እናንተ ኢሜይል ይላክ። ሠራተኛ ከዴካችሁ ላይ ወድቆ ቢጎዳና ኮንትራክተሩ ኢንሹራንስ ባይኖረው፣ ጣጣው ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል።

በር አንኳክቶ “ጎረቤት እየሠራን የእናንተን አየነው፣ ዛሬ ከፈረማችሁ ቅናሽ አለ” የሚለውን አመስግናችሁ ሸኙት። ቀድማችሁ ፈርማችሁ ከሆነ ደግሞ አትደንግጡ፤ እንዲህ ቤት ድረስ መጥቶ የተሸጠላችሁን በፌዴራል ሕግ እስከ 3 የሥራ ቀን ድረስ በጽሑፍ መሰረዝ ትችላላችሁ።

5. ለግምት ሲመጣ የምትጠይቁት

ከሥር ሳይገባ ዋጋ የሚነግራችሁን ሰው ተዉት። ከገባ በኋላ እነዚህን ጠይቁ።

“ሌጀሩን በምን ታስረዋለህ?” ትክክለኛው መልስ ብሎን ወይም ለሌጀር ተብሎ የተሠራ ወፍራም ስክሩ ነው፣ ከፍላሺንግ ጋር። “በምስማር” ካለ እዚያው አብቁ።

“ሃንገሩን በምን ትመታዋለህ?” ለሃንገር የተሠራ ምስማር ወይም የሃንገሩ አምራች የፈቀደው ስክሩ መሆን አለበት። ተራ የጣውላ ስክሩ ሸክም ሲበዛበት ይሰበራል።

“ብረቱስ ምን ዓይነት ነው?” የአሁኑ እንዳይበሰብስ በመድኃኒት የታከመ እንጨት መዳብ ስላለበት ተራ ብረትን ቶሎ ይበላል። በሙቅ ዚንክ የተነከረ (ጋልቫናይዝድ) ወይም ስቴንለስ ስቲል መሆን አለበት።

“ፐርሚቱን ማን ያወጣል?” እሱ ማውጣት አለበት። “አንተ በስምህ አውጣው፣ ይረክሳል” ካለ ተጠንቀቁ፤ በስማችሁ ካወጣችሁት ኃላፊነቱን ወደ ራሳችሁ እየወሰዳችሁ ነው። ብዙ ጊዜም እንዲህ የሚለው ላይሰንስ ስለሌለው ነው።

“ጣውላው ሲነሣ ሌላ የበሰበሰ ቢገኝስ?” ለዚህ ዋጋ አሁን ያስቀምጥ፣ ለምሳሌ ለአንድ ጆይስት መቀየሪያ ይሄን ያህል ብሎ። ዴኩ ከፈረሰ በኋላ የመደራደር ጉልበት የላችሁም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ሦስቱን ዋጋ ስታወዳድሩ በጣም የረከሰው ላይ የጎደለውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ፐርሚቱ፣ ፍላሺንጉ ወይም ቆሻሻ ማንሣቱ የለበትም።

6. ውሉ

በቃል የተባለ ሁሉ የለም ብላችሁ አስቡ። ውሉ ላይ መኖር ያለበት፦

- የድርጅቱ ስም፣ አድራሻና የላይሰንስ ቁጥር
- ሥራው በዝርዝር፤ “ዴክ መጠገን” አይበቃም። የእንጨቱ ዓይነትና መጠን፣ የጣውላው ብራንድና ቀለም፣ የብሎኑና የብረቱ ዓይነት ይጻፍ
- የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን
- ጠቅላላ ዋጋና የአከፋፈል ደረጃዎች
- ፐርሚቱንና ኢንስፔክሽኑን (የካውንቲውን ፍተሻ) የሚያስፈጽመው እሱ መሆኑ
- ተጨማሪ ሥራ ያለ ጽሑፍና ያለ ፊርማችሁ እንደማይሠራ
- ዋስትናው፤ የሥራው ለብቻ፣ የዕቃው ለብቻ

እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አንብቦ የሚያስረዳችሁ ሰው እስክታገኙ አትፈርሙ። አንድ ቀን መዘግየት የሚያስቀይመው ኮንትራክተር መጀመሪያውንም አይሆናችሁም። ባዶ ቦታ ያለበት ውል ላይም አትፈርሙ።

7. ክፍያ፦ እዚህ ጠንከር በሉ

ሜሪላንድ ውስጥ ኮንትራክተር ከጠቅላላ ዋጋው አንድ ሦስተኛ በላይ ቀብድ መቀበል አይችልም፣ ሕጉ ይከለክለዋል። ውሉ ሳይፈረም ደግሞ ምንም አትስጡ። ቨርጂኒያ ያላችሁም ይሄንኑ ጣሪያ አድርጉት።

ለ9,000 ዶላር ሥራ እንዲህ መከፋፈል ይቻላል፦ ሲፈረም 2,500፣ ፍሬሙ አልቆ ኢንስፔክሽን ሲያልፍ 3,000፣ ጣውላና ሬሊንግ ሲያልቅ 2,000፣ የመጨረሻው ኢንስፔክሽን ካለፈና የተረፈው ጥቃቅን ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ 1,500። መርሁ ግልጽ ነው፤ የከፈላችሁት ከተሠራው መብለጥ የለበትም።

በድርጅቱ ስም በቼክ ወይም በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። ጥሬ ገንዘብ አትስጡ። በዜል የላካችሁት ገንዘብ ከሄደ ማስመለስ በጣም ከባድ ነው። “ካሽ ከሆነ እቀንሳለሁ” ሲባል የሚቀነሰው የእናንተ ማስረጃ ነው።

ሰውየው “እንጨት መግዣ አነሰኝ” ቢል ገንዘብ አትጨምሩ። እንጨቱን ራሳችሁ ከሱቅ ከፍላችሁ በስማችሁ ወደ ቤት አስመጡና ከዋጋው ይቀነስ፣ ይሄም በጽሑፍ ይሁን።

8. ሥራው ሲጀመር

አዲስ ጉድጓድ የሚቆፈር ከሆነ ቁፋሮው ከመጀመሩ ጥቂት ቀናት በፊት 811 መደወል ግዴታ ነው። በነፃ መጥተው የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሩን ምልክት ያደርጋሉ። ሣሩ ላይ ባለ ቀለም ምልክት ሳታዩ ማንም አካፋ እንዳያነሣ።

የጉድጓዱን ጥልቀት ለኩ። ፌርፋክስ ቢያንስ 24 ኢንች፣ ሞንትጎመሪ 30 ኢንች ይጠይቃሉ። ከዚያ ካነሰ መሬቱ በክረምት በረዶ ሲሠራ ቋሚውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ኢንስፔክተሩ ጉድጓዱን ሳያይ ኮንክሪት አይፈስስም።

ከሁሉም በላይ ግን ይሄን ቀን እንዳታመልጡ፦ ፍሬሙ አልቆ ጣውላው ከመነጠፉ በፊት ያለውን። ከሥራ ፈቃድ ጠይቃችሁም ቢሆን ቤት ሁኑ። ሌጀሩን፣ ብሎኑን፣ ፍላሺንጉን፣ እያንዳንዱን ሃንገር ፎቶ አንሡ። ጣውላው ከተነጠፈ በኋላ ይሄን ማየት አይቻልም።

“ሌላም የተበላሸ አገኘን” ሲሉ ሥራውን አስቁሙ፣ በዓይናችሁ እዩ፣ ፎቶ አንሡ፣ ዋጋው ተጽፎ ከተፈረመ በኋላ ይቀጥሉ።

9. ከመጨረሻው ክፍያ በፊት

ሬሊንጉን ግፉ። የደረጃውን እያንዳንዱን እርከን ለኩ፣ እኩል ካልሆኑ ሰው ይደናቀፋል። ውኃ በባልዲ አፍስሱና ወደ ቤቱ እንደማይመለስ እዩ። ግቢው ውስጥ የተበተነ ምስማር ተለቅሞ ይለቅ፣ በተለይ ልጆች ካሉ። ፐርሚቱ በካውንቲው ድረ ገጽ ላይ መዘጋቱን (ሥራው ጸድቆ ማለቁን) ራሳችሁ አረጋግጡ፤ ያልተዘጋ ፐርሚት ቤቱን ስትሸጡ ይመጣባችኋል። ለሰብ ኮንትራክተር (እሱ ለቀጠረው ሌላ ኮንትራክተር) እና ለእንጨት ሱቅ ዕዳ እንደሌለበት የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ተቀበሉ። በተለይ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ያልተከፈለው ሱቅ ቤታችሁ ላይ ዕዳ ሊያስመዘግብ ይችላል።

10. ነገሩ ከተበላሸ

*ሥራውን ትቶ ከጠፋ፦* በኢሜይል ወይም በተመዘገበ ደብዳቤ ቀን ቆርጣችሁ ጻፉለት፣ “እስከዚህ ቀን ካልተመለስክ ውሉ ፈርሷል” ብላችሁ። በስልክ የተባባላችሁትን ሁሉ በቴክስት ድገሙት።

*ሥራው ከተበላሸ፦* ሌላ ሰው ጠርታችሁ ከማስነካታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ፣ ከሌላ ላይሰንስ ካለው ኮንትራክተር የማስተካከያ ዋጋ በጽሑፍ ውሰዱ። ሰውየው “መጥቼ ላስተካክል” ካለም ዕድሉን ስጡት። በንዴት ብትከለክሉት፣ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ብላችኋል ተብሎ የሜሪላንዱ ኮሚሽን ጥያቄያችሁን ሊጥለው ይችላል።

*ካልተሳካ፦* ሜሪላንድ ከሆናችሁ ለኤም ኤች አይ ሲ፣ ቨርጂኒያ ከሆናችሁ ለዲ ፒ ኦ አር አቤቱታ አስገቡ። ሜሪላንድ ላይ የዋስትና ገንዘቡን የምትጠይቁት ጉዳቱን ባወቃችሁ በ3 ዓመት ውስጥ ነው። ውሉ፣ በባንክ የተከፈሉት ቼኮችና ፎቶዎቹ ያኔ ነው የሚፈለጉት።

*ኢንስፔክሽን ከወደቀ፦* ይሄ የዓለም መጨረሻ አይደለም። ኢንስፔክተሩ የጻፈውን ወረቀት ጠይቁ፣ ኮንትራክተሩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያስተካክል፣ የቀጣዩ ክፍያ ቀን ይገፋ።

11. በየዓመቱ የምታደርጉት

በጸደይ ደረጃ 1ን ድገሙት። በጣውላዎቹ መካከል የተጠቀጠቀ ቅጠል አውጡ፣ እርጥበት የሚይዘው እሱ ነው። የአበባ ማሰሮዎችን አዘዋውሩ። ለእጥበት በብሩሽና በዴክ ማጽጃ እሹት፤ ፕሬሸር ዋሸር በኃይል ከተጠቀማችሁ እንጨቱን ይተለትለዋል።

እንጨት ከሆነ ቀለም መቼ እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጉበት። ውኃው ጠብታ ሆኖ ከቆመ ይቆይ። ከጠጣው ስቴይን (እንጨት ውስጥ የሚሰርግ ቀለም) ቀቡ። እንጨቱ እርጥብ ሆኖ፣ ወይም በጠራራ ፀሐይ አትቀቡ፣ ቶሎ ይላጣል። በዘይት የተሠራ ስቴይን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጋራዥ ውስጥ ወይም ቆሻሻ መጣያ ላይ አትተዉት፣ ማንም ሳይነካው በራሱ ግሎ እሳት ይነሣበታል። ውኃ የሞላበት የብረት ጣሳ ውስጥ ክተቱትና ክዳኑን ግጠሙ። ሠራተኛ ቀጥራችሁ የምታስቀቡ ከሆነም ጨርቁን የት እንዳደረገው ሳታዩ አትሸኙት።